የጸጥታ ትእዛዝና የሰው መብት፦ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ የሚረዳ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ ከተሞችና ወረዳዎች በጸጥታ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ለሚሰጡ፣ ውሳኔውን ለሚያስፈጽሙና ውሳኔው ለሚያርፍባቸው ሰዎች ነው። የቀበሌ አስተዳዳሪ፣ የወረዳ ምክር ቤት አባል፣ የኬላ ኃላፊ፣ የእድር ዳኛ፣ የታሰረ ልጁን የሚፈልግ አባት፣ ሁሉም በየበኩላቸው አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ ሕዝቡን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚወጣ ትእዛዝ የሰውን ነጻነት እስከ የት ድረስ ሊነካ ይችላል? በደብረ ብርሃን በጥብቅና በሠራሁባቸው ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ያገኘሁት የሚሠራ መልስ ከወረቀት ይጀምራል። ማን እንዳዘዘ፣ በየትኛው ሕግ እንዳዘዘ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ቅር የተሰኘ ሰው ለማን አቤት እንደሚል ያልተጻፈበትን ትእዛዝ ዳኛም ሆነ ሽማግሌ ሊመዝነው አይችልም።

ከመነሻው ግልጽ መሆን ያለበት፣ ጸጥታም ራሱ መብት መሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ በደብረ ብርሃን መጠለያ ዓመታት የቈጠረ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ልጆቹን አዝሎ የተሰደደ ሰው፣ መንግሥት ሕይወቱንና ቤቱን እንዲጠብቅለት የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 14ም ሕይወትን፣ የአካል ደኅንነትንና ነጻነትን አጣምሮ ያስቀመጣቸው በከንቱ አይደለም። የጸጥታ ኃይሉን ሥራ የማያከብር ሰው ስለ መብት ቢናገር በእኛ አካባቢ የሚሰማው አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባውም።

በመጀመሪያ፣ በየትኛው ሕግ ሥር እንዳሉ ያረጋግጡ

አንድ ትእዛዝ ሲወጣ ቀድሞ የሚጣራው አካባቢው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር መሆን አለመሆኑ ነው፤ በመደበኛው ጊዜ የሚሠራውና በአዋጁ ጊዜ የሚሠራው ሕግ በእጅጉ ይለያያሉና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚታወጅባቸውን ምክንያቶች አራት ብቻ አድርጓል፤ እነርሱም የውጭ ወረራ፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን የሚያሰጋና በተለመደው የሕግ ማስከበር መንገድ ሊገታ የማይችል ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ እና የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ናቸው። ክልል በራሱ ሥልጣን ማወጅ የሚችለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ምክንያቶች ነው። ዞን፣ ወረዳና ከተማ አስተዳደር ግን በየትኛውም ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ አይችሉም።

አዋጁ ሲታወጅም ቀን ይቈጠርበታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀናት ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላጸደቀው ይሻራል። ከጸደቀም የሚቆየው እስከ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል። በአማራ ክልል የነበረውን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲታወጅ ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ ነበር፤ ነሐሴ 8 ቀን ለዚሁ ተጠርቶ አጸደቀው፤ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት አራዘመው፤ በግንቦት መጨረሻ ጊዜው አበቃ። እነዚህን ቀናት የጸጥታ ኃላፊ ሁሉ በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል ባይ ነኝ። አዋጅ ካበቃ በኋላ «በአዋጁ መሠረት» ተብሎ የሚሰጥ ትእዛዝ መሠረት የለውም፤ አዲስ አዋጅ እስካልታወጀ ድረስ ማንኛውም ገደብ ከመደበኛው ሕግ አንቀጽ ሊጠቀስለት ይገባል። «ኮማንድ ፖስት» የሚለው ቃልም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ ሥልጣን የሚሰጠው አዋጁ ነው፣ ስያሜው ብቻውን ለማንም ሥልጣን አይሰጥም።

አዋጅ በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ እንኳ የማይነኩ መብቶች አሉ። አንቀጽ 93 ራሱ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18 እና የእኩልነትን መብት የያዘውን አንቀጽ 25 ማገድ እንደማይቻል በግልጽ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ደግሞ በዚህ ላይ በሕይወት የመኖርን፣ የእምነትንና በተፈጸመበት ጊዜ ወንጀል ባልነበረ ድርጊት ያለመቀጣትን መብት ይጨምራል፤ ይህም ቃል ኪዳን በአንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርማ መብቶችን በአስቸኳይ ጊዜ ስለማገድ የሚናገር አንቀጽ ጭራሽ የለውም። የሕግ ባለሙያዎች ስለነዚህ ሰነዶች መጣጣም ብዙ ይከራከራሉ። በኬላ ላይ ለቆመ ሰው ግን ክርክሩ አያስፈልገውም፤ በየትኛውም ሕግ፣ በየትኛውም ጊዜ፣ የያዘውን ሰው መደብደብ አይፈቀድለትም።

ትእዛዙን ያስጽፉ

አንድ ጊዜ፣ አካባቢያችን በአዋጅ ሥር በነበረበት ወቅት፣ አንዲት እናት ምሳ ዕቃ በነጠላ ጠቅልላ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ለሦስት ቀናት ስትመላለስ አገኘኋት። ልጇ የተያዘው ማታ ነው፤ የያዙት ሰዎች ወደዚያ ጣቢያ እንደሚወስዱት ነግረዋታል። በየቀኑ የሚሰጣት መልስ «እዚህ የለም» የሚል ብቻ ነበር። ገብቼ የተያዙ ሰዎችን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ፣ በር ላይ የነበረው ወጣት ፖሊስ ሳይቈጣ «የእነዚህን ስም ጻፉ አልተባልንም» አለኝ። በአራተኛው ቀን ልጁ በሌላ ቦታ ተገኘ፤ ደኅና ነበር። እናትየው በሦስቱ ቀናት ውስጥ የሆነችውን ግን የሚመልስላት የለም። ያ ወጣት ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢኖረው ኖሮ የነገራትን አይነግራትም ነበር።

ስለዚህ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ምንም ያህል ቢቸኩል ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ያዘጋጅ። በጽሑፉ ላይ ያዘዘው ኃላፊ ስምና ሥልጣን፣ ትእዛዙ የተመሠረተበት አዋጅ ቁጥርና አንቀጽ፣ እንዲወጣ ያስገደደው አደጋ፣ የሚሠራበት ቦታና ሰዓት፣ የሚያበቃበት ቀን እንዲሁም አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ ይገለጽ። አደጋውን ሲገልጹ «አሁን ካለው ወቅታዊ ሁኔታ አንጻር» የሚለውን ሐረግ አይጠቀሙ፤ ይህ ሐረግ ለማንኛውም ትእዛዝ ስለሚስማማ ለየትኛውም ትእዛዝ ምክንያት ሊሆን አይችልም። «ባለፈው ሳምንት በሁለት ሌሊቶች በእገሌ መንገድ ተኩስ ተከፍቷል» ማለት ግን ምክንያት ነው። ምስጢር መጠበቅ ያለበት መረጃ ካለ የመረጃው ምንጭ ይሰወር፤ የትእዛዙ መኖር ግን ሊሰወር አይገባም፤ ሕዝብ ያላወቀውን ክልከላ ጥሷል ብሎ ሰውን መያዝ ወጥመድ እንጂ ሕግ ማስከበር አይባልም።

የሰዓት እላፊ በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢትን ጨምሮ በስድስት ከተሞች የተጣለው ገደብ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተብሎ ሰዓቱ ታውቆ የተነገረ ነበር። ሰዓቱ ታውቆ ሲነገር ነጋዴው ሱቁን፣ ቄሱ ቅዳሴውን፣ ነርሷ ተረኛነቷን እንደ ሰዓቱ ታስተካክላለች። በየሰፈሩ በአፍ የሚነገርና በየሌሊቱ የሚለዋወጥ ሰዓት እላፊ ግን ከጠላት ይልቅ ጎረቤትን ያስራል።

ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡ

ትእዛዙ ተጽፎ ከቀረበ በኋላ መመዘን ይቻላል። ፍርድ ቤቶችና የሰብአዊ መብት ተቋማት የሚጠቀሙበት መመዘኛ በቀላል አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ገደቡ በሕግ የተደነገገ ነው? ዓላማው ሕጉ የፈቀደው ነው? ለዚያ ዓላማ በእርግጥ ይረዳል? ከዚህ ያነሰ ጉዳት ያለው ሌላ መንገድ የለም? በመጨረሻም፣ የሚያስገኘው ጥቅም ከሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ አያከራክሩም። ሰው የሚስተው በቀሩት ሦስቱ ላይ ነው።

እንበልና በአንዲት ከተማ በባጃጅ የመጡ ሰዎች ሌሊት ጥቃት ፈጽመው አመለጡ። በማግስቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ «ባጃጅ በሙሉ ይቁም» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ለመወሰንም ቀላል ነው። የምክር ቤቱ አባል ግን እጁን ከማውጣቱ በፊት ቢጠይቅ ይበጃል። ጥቃቱ የደረሰው ሌሊት ከሆነ የቀኑን እንቅስቃሴ መከልከል ምን ይረዳል? አጥቂዎቹ ነገ በእግር ወይም በሞተር ብስክሌት ቢመጡስ? የጎን ቁጥር የሌለውን ባጃጅ ብቻ መያዝ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብቻ ማገድ፣ ወይም በማኅበራቱ አማካይነት አሽከርካሪዎችን መመዝገብ አይበቃም? ምጥ የያዛትን ሴት ከከተማው ዳር ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳት ማን ነው? የዕለት ገቢውን ለባለንብረቱ ከፍሎ በቀሪው ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወጣት ሥራ ሲፈታ የት ይሄዳል? የመጨረሻው ጥያቄ ከጸጥታው ጉዳይ የራቀ መስሎ ይታያል፤ እኔ ግን በጸጥታ በኩልም ከባዱ እርሱ ይመስለኛል።

ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ምናልባት ከምሽት እስከ ንጋት የሚሠራ፣ ሕሙማንንና ወላዶችን የማይመለከት፣ ለ15 ቀናት ብቻ የሚቆይና በየሳምንቱ የሚገመገም እገዳ ይወሰናል። ምናልባትም መረጃው ሁሉ ታይቶ ሙሉ እገዳ ለሦስት ቀናት አስፈላጊ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ሕጋዊ ሊሆኑ ይችላሉ። የማኅበራቱ ተወካዮች ሳይሰሙና የማብቂያ ቀን ሳይኖረው የሚጣል እገዳ ግን ከሚዛኑ በታች ነው።

ገደቡ ለዓላማው ይረዳል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌላም አገር ትልልቅ ጉዳዮችን ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች፣ በሽብር የተጠረጠሩ የውጭ ዜጎችን ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር የሚፈቅደውን ድንጋጌ ተመጣጣኝነት የጎደለውና አድሏዊ ነው ብለው ወስነዋል። ሥጋቱ ከራሷ ከአገሪቱ ዜጎችም የሚመጣ ሆኖ ሳለ የውጭ ዜጋን ብቻ ማሰር አደጋውን እንደማያስቀረው አይተዋል። ዳኞቹ የአደጋውን መኖር አልካዱም።

ኬላና ስልክ

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚጓዝ ሰው ፍተሻን ለምዶታል። ወርዶ መሰለፍ፣ መታወቂያ ማሳየት፣ ሻንጣን መክፈት ለጦር መሣሪያ ፍለጋ የሚረዳና ጉዳቱም አነስተኛ የሆነ እርምጃ ነው፤ አብዛኛው መንገደኛም በበጎ ይቀበለዋል። ስልክ አስከፍቶ መልእክትና ፎቶግራፍ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ከቤትና ከደብዳቤ እኩል ይጠብቃል፤ ሊገደብ የሚችለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም ወይም ለመሳሰለው ዓላማ በተለይ በወጣ ሕግ ነው። በስልክ ውስጥ ጠብመንጃ አይደበቅም። ፈታሹ በአንድ ሰው ላይ የተለየ ጥርጣሬ ካለው ስልኩን በደረሰኝ ይዞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቅ፤ የአውቶቡሱን ተሳፋሪ ሁሉ የግል ጨዋታ ማንበብ ግን ፍተሻ አይደለም።

ስለ ቤት ፍተሻ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እስካሁን ጠቃሚ ነው። ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደም ፍተሻ የሚደረገው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር ይጻፍ፤ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበት። በእኛ አካባቢ ለዚህ የእድር ዳኛ ወይም የተከበረ ጎረቤት መጥራት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምስክርነቱ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ፖሊሱንም ከሐሰት ክስ ያድነዋል።

ሰው ሲያዝ

በመደበኛው ጊዜ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ ያለመናገር መብቱ ሊከበርለትና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በተገቢ ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ከዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ይህ ድንጋጌ ለመንዝ ገደል ወይም ለቆላው መንገድ የታሰበ እንጂ የወረዳ ፍርድ ቤት በእግር በሚደረስበት ከተማ «መኪና አላገኘንም» ለማለት አይደለም። ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ከፈለገ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀናት በላይ ሊፈቅድለት አይችልም፤ ዳኛውም ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ አዲስ ቀጠሮ ሊሰጥ አይገባውም።

«በሽብር ተጠርጥሯል» የሚለው ቃል ሲሰማ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ዳኛም ቢሆን ሰው ነው። የ2001ዱን አዋጅ ቁጥር 652 የተካው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ግን ወንጀሉን ያለ መለኪያ አልተወውም። ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ርዕዮተ ዓለማዊ ዓላማን ለማራመድ፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ታስቦ የተፈጸመ ድርጊት ሊኖር ይገባል፤ በሕግ የታወቀ መብትን ለመጠቀም የተደረገ ሰላማዊ ሰልፍ፣ ስብሰባ ወይም የሥራ ማቆም ሽብር እንደማይሆንም አዋጁ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ጠበቃው «ድርጊቱ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በለቅሶ ቤት የተነገረ የምሬት ንግግር ወይም በፌስቡክ የተጻፈ የአስተዳደር ወቀሳ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሰውዬው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ከቀረ ቤተሰቡ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት አቤቱታው በጽሑፍ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደተያዘና እንዴት እንደተያዘ፣ ይህንንም ማን ሊመሰክር እንደሚችል የሚገልጽ ቃለ መሐላ ይያያዝበታል። ለዞናችን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለው ደብረ ብርሃን ነው። የያዘው አካል የፌዴራል ከሆነ ከጠበቃ ጋር ተማክሮ ትክክለኛውን ችሎት መለየት ያስፈልጋል። ቤተሰብ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ የተያዘበትን ሰዓት፣ የመኪናውን ዓይነትና ሰሌዳ፣ ያዩ ጎረቤቶችን ስምና የሄዱበትን ጣቢያ ሁሉ ይጻፍ፤ ከሳምንት በኋላ የሚታወስ ነገር ይምታታል።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የ48 ሰዓቱ ደንብ ሊታገድ ይችላል፤ ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። በዚያን ጊዜም ቢሆን ከምክር ቤቱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች የሚመረጥ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል፤ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ማሳወቅ፣ ኢሰብአዊ እርምጃ አለመፈጸሙንም መከታተል ግዴታው ነው። አቤቱታዎን ለቦርዱና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በጽሑፍ ያስገቡ፤ በቅጂው ላይም የደረሰበትን ቀን ያስፈርሙ።

በወል አለመጠርጠር

ድሮ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ከብቱንና እርሻውን ትቶ ይቆያል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘም ካሣውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። የዚያ ዘመን ሰዎች ፖሊስ ስላልነበራቸው በዚህ ይፈርዱ ነበር። ዛሬ ግን ሕጋችን የሚጠይቀው አንድን ሰው ስለ ራሱ ድርጊት ነው። አማራ፣ አርጎባና ኦሮሞ በአንድ ገበያ በሚገበያዩበት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ እድር በሚቀባበሩበት በዚህ ዞን፣ በስም፣ በቋንቋ ወይም በትውልድ ቦታ ሰውን ከሰልፍ የሚለይ ትእዛዝ አንቀጽ 25ን ስለሚጥስ በአዋጅ ጊዜም ሕጋዊ ሊሆን አይችልም። ጉዳቱም በዚያ አያበቃም፤ ተለይቶ የተሰለፈው ሰው በማግስቱ አጥቂ ቢያይ እንኳ ለፖሊስ ለመናገር ይፈራል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በቃል የደረሰው የኬላ አባል «በጽሑፍ ይሰጠኝ» ይበል። አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ያሉት ይህን ጠንቅቀው ስላወቁ ነው።

ትእዛዙ ሲያበቃ

ብዙ ኃላፊዎች ትእዛዝ ማውጣትን ያውቃሉ፤ መዝጋትን ይረሳሉ። የማብቂያው ቀን ሲደርስ የተለጠፈው ማስታወቂያ ይነሣ፤ መነሣቱም በተነገረበት መንገድ፣ በድምፅ ማጉያ ከሆነ በድምፅ ማጉያ፣ ይነገር። በፍተሻ የተያዙ መታወቂያዎች፣ ስልኮችና የባጃጅ ሊብሬዎች በዝርዝሩ መሠረት ለየባለቤቱ ተመልሰው ይፈረምባቸው። በትእዛዙ ብቻ ተይዞ የነበረ ሰው ወይ ይለቀቅ፣ ወይ በመደበኛው ሕግ በዚያው ዕለት ፍርድ ቤት ይቅረብ። የተያዙ ሰዎች መዝገብ ተጠቃሎ አንዱ ቅጂ ለወረዳው ምክር ቤት ይላክ፤ ምክር ቤቱም በሚቀጥለው ጉባኤው ስንት ሰው እንደተያዘ፣ ስንቱ ክስ እንደተመሠረተበት፣ ስንት የጦር መሣሪያ እንደተገኘ ኃላፊውን ይጠይቅ። ትእዛዙ ይታደስ የሚል ጥያቄ የሚቀርብ ከሆነ የሚቀርበው ከዚህ መልስ በኋላ ነው።